የማክሰኞ ክፉ ሰዓት

አገሬ ላይ በፖለቲካ የታሰርኩት ያነሰኝ ይመስል፣ ጥገኝነት ልጠይቅ ላስ ቬጋስ አየር ማረፊያ እንደደረስኩ ካቴና አጠለቁልኝ። "መመለስ አልችልም" ከማለት በቀር ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። ወስደው ያስገቡኝ የእስር ቤት ክፍል ሁለት የብረት አልጋና መዳፍ የምታህል መስኮት ነበረው። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

ቀድመውኝ የገቡ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ የመስኮቷ ብርሃን የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ በሳሙና ያሰምራሉ። ቪዛቸው አልቆ የተያዙ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አገልጋይ ናቸው። እንግሊዝኛቸው አልከበደኝም፤ ሃይስኩል ፊዚክስ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ነበሩ።

ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው አሉኝ። "እኛም ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው" ስላቸው ዘመድ ያገኙ ያህል ደስ አላቸው። ከዚያ በየቀኑ ያስተምሩኝ ጀመር። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ስምንት ቦታ ይከፈላል፤ ግድግዳው ላይ ያሰመሩትም ይህንኑ ነው፤ ቀኑ ሲረዝም ክፍሉም ይረዝማል። ከስምንቱ አንዱ ክፉ ነው፣ ምንም አይጀመርበትም። የሰኞው ጠዋት ሁለተኛው ነው፣ የማክሰኞው ከሰዓት በኋላ ሰባተኛው። እኔ በልቤ እስቅ ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ ደግ ሰዓት የቱ ሊሆን ነው?

በአራተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቁርስ እንደተነሳ የኢሚግሬሽን መኮንን ወረቀት ይዞ መጣ። በፈቃዴ ወደ አገሬ ለመመለስ ተስማምቻለሁ ይላል። ከፈረምኩ ዳኛ ፊት መቅረብ ቀረ፤ የሚቀበሉኝ እነዚያው አሳሪዎቼ ናቸው። አውቀዋለሁ። ግን መጠበቁ አንገሽግሾኝ እስክሪብቶውን ተቀበልኩ።

"ልጄ፣ አሁን ክፉው ሰዓት ነው" አሉ ሽማግሌው። "እስኪያልፍ አትፈርም።"

እጄ ቆመ። "ቆይቼ" አልኩት መኮንኑን። ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ነው ትዝ ያለኝ። "አባባ፣ የማክሰኞው ከሰዓት በኋላ ነው አላሉኝም እንዴ?"

"ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ። "በሰዓት ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ዋሸሁ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ አለቀስኩ። ለእኔ ሲል የዋሸ ሰው ካገኘሁ ቆይቼ ነበር።

ብርሃኑ ሰባተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ መኮንኑ ተመለሰ፤ ዋናው ክፉ ሰዓት ላይ። ሸሚዜን አስተካክዬ ቆምኩና ወረቀቱን ሳልፈርም በሁለት እጄ መለስኩለት። "ዳኛ ፊት እቀርባለሁ" አልኩ።

ዳኛው ጥገኝነቱን ፈቀደልኝ። ሽማግሌውን ግን ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸው አጣኋቸው። አሁን አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ፤ ህንዳዊ አዛውንት ባጋጠሙኝ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። ባለፈው ወር ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች፤ ሽማግሌውን ሳገኛቸው እንዳሳያቸው የተወለደችበትን ሰዓት ጽፌ ኪሴ ይዣለሁ። ደግ ነው ካሉኝ፣ እየዋሹኝም ቢሆን አምናቸዋለሁ።