በየማለዳው አባቴን ሰላም የሚሉት መምህር

መምህር ፈንቴ አረፉ አሉኝ። አላመንኩም። ከሞጣ የደወለችልኝ ጎረቤት ከዚህ በፊትም በሕይወት ያለ ሰው ገድላ አስለቅሳኛለች። ስልኩን ዘግቼ ቤታቸው ደወልኩ። ሴት ልጃቸው አነሳች። ታለቅሳለች።

አሁንም ልቤ አልተቀበለውም። እኔ ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ፤ "ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር" የሚባልበት ቤት ነው ያደግኩት። እኚህን ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ጠርጥሬያቸዋለሁ። ምክንያት ነበረኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቢቸና ገጠር ውስጥ ታላቅ ወንድሜ በእርሻ ድንበር ጠብ የመምህር ፈንቴን ወንድም ገደለ። ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ታሰረ። ገዳዩ እስር ቤት ገብቶ ካልተገኘ ደሙ ከአባቱ ይፈለጋልና፣ አባቴ ቤተሰቡን ይዞ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ገባ። እኔ ያኔ ለጋብቻ የደረስኩ ልጅ ነበርኩ።

ብዙም ሳንቆይ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ መምህር ፈንቴ፣ አስተማሪ ሆነው ሞጣ መጡ። "ደልድለውኝ ነው" አሉ አሉ። ማን ያምናል? ከዚያ ሁሉ የጎጃም ትምህርት ቤት ሞጣ እንዴት ተገኘ?

ይባስ ብለው በየማለዳው በአጥራችን በኩል ማለፍ ጀመሩ። አባቴ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው "እንደምን አደሩ?" ይሉታል። አባቴ ዱላውን ጨብጦ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ያልፋሉ። በማግስቱም እንደዚያው። እሑድ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቀው ሰላም ይሉታል። እናቴ "ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል" ትል ነበር። እኔም የአባቴን መውጫ መግቢያ እያጠኑ ነው ባይ ነበርኩ።

ስለዚህ አንድ ቀን አባቴን ቤት ውስጥ ደበቅነው። ጧት መጥተው አጡት። ገበያ ሲፈልጉት ዋሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲፈልጉት ታዩ እየተባለ ወሬው ይደርሰናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በራችን ላይ ቆሙ። መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ።

"አባትሽን ጥሪልኝ፣ እቴ" አሉኝ። "ሰላም ብያቸው ልሂድ።"

"የለም" አልኳቸው።

"እሺ፣ አይውጡ። ከውስጥ ሆነው ድምፃቸውን ብቻ ያሰሙኝ።"

አባቴ ሰምቶ ኖሮ እኔን ገፋ አድርጎ ወጣ። "ልትገድለኝ ከሆነ ግደለኝና ሁላችንም እንረፍ። በየቀኑ እንደምን አደሩ ምን የሚሉት ነገር ነው?" አለ።

መምህር ፈንቴ ኮታቸውን ገለጡ። ሽጉጥ ነበር።

"ሞጣን የጠየቅሁ እኔው ነኝ" አሉ። "ይህን የሰጠችኝ እናቴ ናት። አባቴ ግን በሕይወት ሳለ፣ አፍህ ሰላም ያለውን ሰው በዚያ ቀን እጅህ አይንካው ይለን ነበር። መጀመሪያ ልገድልዎ መጥቼ፣ ሳላስበው ሰላም አልኩዎት። ያ ቀን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ነው። በማለዳ ሰላም ካልኩዎት እስከ ማታ ይተርፋሉ፤ እኔም እተርፋለሁ። ዛሬ ግን አጣሁዎት። ቀኑን ሙሉ እጄ ሽጉጡ ላይ ነው የዋለ።"

ጥርጣሬያችን ልክ ነበር ማለት ነው። ያልጠረጠርነው፣ አባቴን ሊያስገድለው የነበረው መደበቃችን እንደሆነ ነው።

አባቴ "ታዲያ አሁን ልብህ በረደልህ?" ሲል ጠየቃቸው።

"እንጃ። ልቤን አላምነውም። ነገም እመጣለሁ" አሉ።

ራሱን የሚጠረጥር ሰው ያን ቀን አየሁ። እኔም ያን ቀን በጥቂቱ አመንኳቸው። ከዚያ በኋላ አባቴ በማለዳ ወጥቶ ይጠብቃቸው ጀመር።

ተማሪዎቻቸው የሚያስታውሱላቸው አባባል አለ። ሰነፍ ወይም ቁጡ ልጅ ሲገጥማቸው "ልብ ወይፈን ነው፤ ለዛሬ ቀንበሩን ያሽትተው" ይሉ ነበር። ልጁ ያን ቀን ጥቂት ሠርቶ ይሄዳል፣ በማግስቱ ትንሽ ይጨመርበታል። አሁን ስለ አእምሮ ጥንካሬና ስለ መልካም ልማድ በየስልካችን የሚለጠፈውን ምክር እኔም አነባለሁ። ባጭር ጊዜ ሌላ ሰው ትሆናለህ የሚለኝን ግን አላምነውም። መምህር ፈንቴ ሌላ ሰው ሆኛለሁ ብለው አያውቁም። በየማለዳው እንደ አዲስ ይጀምሩ ነበር እንጂ።

አባቴ ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት አርጅቶ ሞተ። ቆይቶ ወንድሜ ተፈታ፤ ገዳዩ ራሱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብዬ በሩን ቀረቀርኩት። መምህር መጥተው ደጅ ቆሙ። ወንድሜ ራሱ ከፍቶ ወጣ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እንደምን አደርህ?" አሉት። ወንድሜ አለቀሰ።

ዛሬ ለወንድሜ ደወልኩለት። ሁለቱም ሸምግለው እዚያው ሞጣ ጎረቤት ነበሩ። "ትናንትም ሰላም ሳይለኝ አልዋለ" አለኝ። ቀጥሎም "ቃሬዛውን እሸከማለሁ" አለኝ።

መምህር፣ ነገ ወንድሜ ከልጆችዎ ጎን ቆሞ ትከሻውን ሊሰጥ ነው። እነሱ ይፈቅዱለት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ቢከለክሉትም አልፈርድባቸውም፤ አጎታቸውን የገደለ እጅ ነው። እኔ ግን እመጣለሁ። እኛ ቤት አባታችን በጥይት እንደሚሞት ሁላችንም አውቀን የተቀመጥን ሰዎች ነበርን። አባቴ በአልጋው ላይ፣ ንስሐ ገብቶ፣ እጁን እንደያዝኩት ነው የሞተው። ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ደህና ይሁኑ።