የቆርኪ ወታደሮች ለቅሶ

ልጅ እያለሁ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቦታ ቁጭ በይ» የማይለኝ ሰው አልነበረም። ካልሮጥሁ ያመኝ ነበር። ቁጭ የሚያደርገኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ግቢያችን ካለው ዋርካ ሥር የሚዘረጋው የቆርኪ ጦርነት።

ያኔ ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ይዞ ከሐይቁ እስከ ደጃችን ይመጣ ነበር። አባታችን ፋብሪካ ተቀጥሮ ከደሴ ስላመጣን በከተማው ዘመድ የሚባል አልነበረንም፤ የእኔ ዘመድ ጎረቤታችን ሙኒራ ነበረች። አባቷ ከወረታ ሩዝ እያመጡ ይነግዱ ነበር። ሙኒራ ከቤት አምልጣ የምትመጣው ለጨዋታው ብላ ነበር። እሱ ከፈረሰ እሷም እንደምትቀር አውቅ ስለነበር ሁልጊዜ ልቤ አያርፍም ነበር።

ዳዊት የታሪክ መጽሐፍ አይለቅም፤ የምንዋጋውም የመሳፍንቱን ዘመን ጦርነት ነበር። መሬት ላይ ጣናን እንሥላለን። ቢጫው ቆርኪ የዳዊት፣ ቀዩ የሙኒራ፣ አረንጓዴው የእኔ ጦር ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ቆይቶ ግን ዳዊትን «እውነቱን ይምሰል» የሚል አባዜ ያዘው። ሐይቅ ዳር ወርዶ ቀዛፊዎችን ጠይቆ መጣና፣ የደንገል ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ አንዴ ከተሻገረ ቆሞ ሳይደርቅ አይመለስም አለን። ጦር ያለ ስንቅ አይዘምትም ብሎም ሙኒራን ሩዝ በኪሷ አስመጣት። ዶሮ የእኔን ስንቅ ለቅማ ስትጨርስ «ረኀብም ጦርነት ውስጥ ያለ ነው» ብሎ ፈረደብኝ።

የባሰው የሞት ሕጉ ነበር። የሞተ ቆርኪ አይመለስም። የሙኒራ ጦር ጨዋታው ሳይሞቅ አለቀና ቀኑን ሙሉ አገጯን ይዛ ስታየን ዋለች። በማግስቱ አልመጣችም፤ ከዚያም ቀረች። በራቸው ላይ ስመላለስ እናቷ «ሥራ ይዛለች ልጄ» ይሉኛል። ዳዊትን የሞቱት ይነሡ ብዬ ለመንሁት።

«ሰው ሞቶ ይነሣል እንዴ? የሕፃን ጨዋታ አደረግሽው» አለኝ። እኛ ታዲያ ምን እንደሆንን ልጠይቀው ፈልጌ፣ ተናድጄ ተውሁት።

አንድ ቀን ሙኒራ ራሷ መጣች። ጎረቤት ሰው ሞቶ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ የአባቷ መጋዘን ተዘግቷል፣ አባቴም ከሥራ ቀርቷል።

«ዳዊት፣ ያንተ ጦርነት ውሸት ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ሰው ይሞታል፣ ለቅሶ የለም።»

ሕጓን ነገረችን። ቆርኪ ሲሞት ሁሉም ጦር ይቀመጣል፤ ማንም አይንቀሳቀስም። ለቅሶው ሲያበቃ በሟቹ ቦታ ልጁ የሚሆን ሌላ ቆርኪ ይገባል።

«ይሄ ጦርነት ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?» አለ ዳዊት።

«ይለያያሉ እንዴ?»

ዳዊት ቆርኪዎቹን መደርደር ጀመረ። ሙኒራ ከድንኳኑ ያመጣችውን ንፍሮ አካፈለችን፤ ለቅሶው እሱን በልተን እስክንጨርስ ሆነ። እኔ ያች መቀመጫ የሌለኝ ልጅ፣ እግሬን አጣጥፌ ለአንድ ቆርኪ ሐዘን ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ዳዊት እንኳ መግደል እየሰለቸው ሽምግልና መላክ ጀመረ። ሙኒራም አልቀረችም።

ዛሬ ዳዊት ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ኮምፒውተር ያስተምራል። ከተማሪዎቹ ጋር ያንኑ ጦርነት የስልክ ጌም አድርጎ ሠርቶ፣ እንድሞክረው ላከልኝ። ታንኳው ቆሞ ይደርቃል፣ ስንቁም ያልቃል። ወታደር ሲሞት ግን ወዲያው ሌላ ይተካል።

«የሙኒራ ሕግስ?» አልሁት።

«ሞክረነው ነበር። ሰው መጠበቅ አይችልም፤ ጌሙን ያጠፋዋል።»

አልተከራከርሁትም። እኔስ መቼ እጠብቃለሁ? በነዚህ ዓመታት መርዶ በስልክ ይመጣል፤ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ ሌላው ይደርሳል። የሙኒራ አባት ወረታ ሲያርፉ መንገድ ተዘግቶ ለቅሶ አልደረስሁም፤ ከሙኒራ ጋር በስልክ ተላቀስን፣ እሱም መሐል ላይ ተቋረጠ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ትናንት ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ጌሙን ከፈትሁት። ገና ስንጀምር አንድ ወታደሬ ወደቀ። «ሌላ ላክ» የሚል ቁልፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ጣቴን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብሁት።

«እማዬ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ ልጄ እየተቁነጠነጠ።

«አልተበላሸም። ለቅሶ ተቀምጠን ነው። ቁጭ በል።»