የሰኒዬ ጁምዓና የአባዬ ፊልትሮ

ጠዋት ጎረቤታችን ታክሲውን ሲያስነሳ ሞተሩ ለትንሽ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይልና ይረጋጋል፣ እኔም አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ «ርካሽ ፊልትሮ ነው ያስገጠምከው» እላለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያንን ድምፅ ዓረብ አገር፣ ኹበር ከተማ፣ ዐቅረቢያ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአፓርታማችን ሥር ቆማ ከምታድረው አሮጌ ነጭ መኪናችን ስሰማው ነው ያደግሁት፤ ሌሊት ዘይቱ ከማጣሪያው ተመልሶ ይወርድና፣ ጠዋት ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ሞተሩ በደረቁ ይንቀጫቀጭ ነበር።

አባዬ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ በኮንትራት ይሠራ ነበር። ዘይት መቀየሪያው ሲደርስ መጀመሪያ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ፊልትሮውን ራሱ ይገዛና ይዞት ወደ ጋራዥ ይሄዳል፣ የመናዊው ባለሱቅም ሁልጊዜ «ወካላ ወላ ቲጃሪ?» ይለው ነበር። ወካላ የመኪናው ኩባንያ ራሱ የሚያወጣው ውዱ ነው፣ ቲጃሪ ደግሞ ማንም የሚሠራው ርካሹ። አባዬ ለማሰብ እንኳን ሳይቆም «ቲጃሪ» ይላል። «ሁሉም ቆርቆሮና ወረቀት ነው፣ ዋናው ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው» ይለን ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ግን አይቀይርም። ያ ሰፈር የወንድ ሰፈር ስለሆነ እኔና እማዬ መኪናው ውስጥ ኤሲ ከፍተን እንጠብቀው ነበር።

ያቺን መኪና ዝም ብሎ መኪና ማለት አይቻልም። የእማዬ ታናሽ እህት ሰናይት፣ እኛ ሰኒዬ የምንላት፣ ደማም ከተማ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ ማዳሟም ጁምዓ ጁምዓ ከቀትር በኋላ አባዬ እየመጣ እንዲወስዳት ፈቅዳላት ነበር፤ ግን ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይባል በሯ ላይ መገኘት አለባት። በብርዱ ወራት ባሕሩ ዳር ምንጣፍ ዘርግተን አብረን እንበላ ነበር፣ ጁምዓ ማለት ዓርብ ነውና ምግባችን ሁልጊዜ የጾም ነበር፣ ሰኒዬም «ከሳምንት አንዴ እወጣለሁ፣ እሱም ሽሮ! ምን ዓይነት ዕድል ነው?» እያለች ድስቱን ጠርጋ ትበላው ነበር።

የአቧራው ወር ሲገባ ሰማዩ ቡናማ ይሆናል፣ የሞተሩም መንቀጫቀጭ ይብስ ነበር። እማዬ «አንተ ሰውዬ፣ እህቴን የምታመጣልኝ ይቺ መኪና ናት፣ ደህናውን ግዛላት» ስትለው፣ «መኪናዋ ሳትማረር አንቺ ተማረርሽ» ብሎ ይስቅ ነበር።

በጋው ሲከር ግን መኪናዋም ተማረረች። አንድ ጁምዓ ሰኒዬን ልንመልስ ወደ ደማም ስንሄድ የዘይቱ መብራት ቀይ በራ። አባዬ ዳር ይዞ አቆመና ተንበርክኮ ከሥር ሲያይ፣ የፊልትሮው ጎማ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቆ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ይንዠቀዠቃል። ታክሲ ስንለምን የመግሪብ አዛን ተሰማ፣ ሰኒዬም «አለቀልኝ፣ በቃ አለቀልኝ» ትል ጀመር። ስንደርስ ማዳሟ በሩን ገርበብ አድርጋ «ኸላስ፣ ጁምዓ ማፊ» አለቻት። ከእንግዲህ ጁምዓ የሚባል የለም ማለቷ ነው። በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ መኪናዋን አስጎትተን እዚያው ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። አባዬ ያንኑ መልስ ሲመልስ በክፍቱ በር ሰማሁት፣ ደሜ ፈላ፣ ዓባያዬን እየረገጥኩ ገባሁና «ላ! ወካላ!» አልኩ። ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ! ውጪ!»

«አልወጣም።»

«በሰው ፊት ታሳፍሪኛለሽ?»

«ሰኒዬ ላይ በር ተዘግቶባት አንተ ስለ ሰው ፊት ታወራለህ?»

ባለሱቁ ጢሙን እያሻሸ «ሙዲሩ፣ አለቃው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ እሷ?» አለው። አባዬ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ በጣቱ ወካላውን አሳየ።

እማዬ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሽሮዋን ትሠራ ነበር፣ የሚበላው ግን አልነበረም። ሙቀቱ መለስ ሲል ይሄን ማየት ሰለቸኝና፣ አባዬን ጎትቼ፣ የተሰነጠቀውን ፊልትሮ በፌስታል ይዤ የማዳሟን በር አንኳኳሁ።

«ያጠፋው ይሄ ነው፣ እሷ አይደለችም» አልኳት በአረብኛ።

ፌስታሉን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችና «ነገ ደግሞ ቢበላሽስ?» አለች።

«አይበላሽም። አሁን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

አባዬ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ማዳሟ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ምላስሽ ረጅም ነው» አለች። «አንድ ጁምዓ እንሞክር።» ያ አንድ ጁምዓ ሌላ አስከተለ፣ ሰኒዬ ጠቅልላ አገሯ እስክትገባም አልቆመም። ፊልትሮ ግዢም የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

አባዬ እስከ ዛሬ «የመኪናዋ ዕድሜ ነው እንጂ ፊልትሮው አይደለም» ይላል። እኔም እስከ ዛሬ አልተስማማሁም፣ አድጌ፣ ተመርቄም አልተስማማሁም።

ሰኒዬ አሁን ደሴ የራሷ ቤት አላት። ልጠይቃት ስሄድ ያለ ሰዓት ገደብ እናወራለን፣ የምትመለስበትን ሰዓት የሚጠይቃት የለም፣ ዓርብም ይሁን ማክሰኞ ለሁለታችንም አንድ ነው። ሰማዩ ደብዘዝ ሲል ግን ወሬዋን በመሃል ትታ ብድግ ትላለች፣ በዓይኗም ጫማዋን ትፈልጋለች። ያኔ፣ ኹበር፣ መግሪብ ሲቃረብ «ቶሎ በይ፣ እንዳይመሽብሽ» ብለን የምናጣድፋት እኛው ነበርን።

«ተቀመጪ ሰኒዬ፣ ቤትሽ ነው» እላታለሁ።

ትስቅና ትቀመጣለች።