ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን

በኬንያዋ ሞያሌ ፓስተር ቱፋን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት በአውቶቡስ የገባ መሆን አለበት። ከማንያታ ሰፈር እስከ ቆላው ጫፍ ድረስ ግመል ጠባቂውም ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ነጂውም ስሙን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ለታመመ ይጸልያል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ለማያውቀው ሰው የለበሰውን ኮት አውልቆ ይሰጣል። ሴቶቹ ገበያ ላይ ቲማቲም እየመረጡ «እንዲህ ያለ ባል የሰጠሽን አምላክ ምን ብታመሰግኚው ያንሳል» ይሏታል ጋዲሴን። ጋዲሴም አሜን ትላለች። በሆዷ የምትለው ግን ሌላ ነው። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እሷ ቤት በእንግድነት ሳይሰነብት እንዳልቀረ ታስባለች።

ቱፋ የተወለደው በኢትዮጵያው ወገን ከቦረና ከብት አርቢዎች ነው። አባቱ የበኩር ልጃቸውን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስገቡት ፊደል ቆጥሮ ከመንግሥት ሰው ጋር እንዲነጋገርላቸው ነበር፤ እሱ ግን ከፊደሉ ጋር ሃይማኖቱንም ይዞ ተመለሰ። ደርግ ወድቆ አገር ሲተራመስ ድንበሩን ተሻግሮ የስደተኞች ካምፕ ገባ። ጋዲሴም እዚያ ነበረች፤ ወታደር ወንድሟን ተከትላ ከወለጋ ተነስታ፣ ወንድሟን መንገድ ላይ አጥታ ብቻዋን የደረሰች ልጅ። ሸራ ድንኳን ውስጥ ሲሰብክ ሰማችውና ድምፁን ወደደችው። አሁን ስታስበው ያስቃታል። ያገባችው ድምፁን ነበር፣ የደረሳትም እሱው ብቻ ነው።

ካምፑ ሲዘጋ ማንያታ ላይ የጭቃ ግድግዳ አቁመው ቆርቆሮ አለበሱት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአዘቦቱ ቀን መኖሪያ ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቱፋ ወንጌላውያን እያሠለጠነ፣ በየግራሩ ሥር ጉባኤ እያቆመ የሚሲዮኑ መሪ ለመባል በቃ። ልጁ ሌንሴ ስትወለድ ቆላ ነበር፤ ስትዳርም ቆላ ነበር። ለሠርጓ የደረሰው ድስቱ ታጥቦ ከተደፋ በኋላ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ለመጠመቅ ስላመነቱ ጥሏቸው መምጣት አልሆነለትም። ልጅቷ «ግድ የለም አባዬ» ብላ ስማው ከባሏ ጋር ማርሳቢት ገባች። ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ነው።

ጋዲሴ ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ኖራለች። የገለታ ነገር ሲመጣ ግን አልቻለችም።

ገለታ ታናሹ ልጃቸው ነው። ቡቲዬ መንገድ ዳር ሞተር ብስክሌት ይጠግናል። አንድ ጠዋት ዶቃታ የምትባል፣ ኦዳ ከሚባለው የቦረና መንደር የሆነች ልጅ ወተት ጭና ከተማ ስትወርድ የተሳፈረችበት ሞተር ተበላሽቶ እሱ ዘንድ ቆመች። ሞተሩ ተጠግኖ ሄደ፤ ልጅቷና ገለታ ግን ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። አባቷ ሻሮ ክፉ ሰው አይደሉም። ክርስቲያን ነው ብለው አልጠሉትም፣ ድሃ ነው ብለውም አልናቁትም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎሳው መጥቶ ይጠይቀኝ አሉ። በቦረና ዘንድ ልጅ የሚጠየቀው በጎሳ ሽማግሌ ነው፤ ወገን የሌለው ሰው ነገ ልጅቷ ብትበደል ማን ፊት ይከሰሳል?

ችግሩም ይኸው ነበር። ገለታ ገና ሳይወለድ የቱፋ አባት ሲሞቱ፣ በኩሩ መጥቶ በአባቱ ቦታ እንዲቀመጥ ጎሳው ልኮበት ነበር። ቱፋ የሚያጠምቃቸው ሰዎች እንዳሉት፣ የጎሳ ሥርዓትም ከጌታ ሥራ እንደማይበልጥበት መልሶ ላከ። ይህ አልበቃው ብሎ አዲስ ያመኑትን ሁሉ ከጎሳ ሸንጎ እንዳይቀመጡ፣ ልጅ ሲጠየቅ ለአባቷ የሚቀርበውን የሽምግልና ትምባሆም እንዳይነኩ አስተማረ። ቦረናዎቹ አልረገሙትም፣ አልተጣሉትም። መጥራት ተዉት፣ በቃ። በኋላ ድርቅ በመጣ ጊዜ ከብቱ ያለቀበት ጎረቤት ሁሉ ከጎሳው ጊደር ተዋጥቶለት ሲያንሰራራ የእነ ጋዲሴ በረት ባዶውን ቀረ። ቱፋ ጌታ ይሰጣል አለ። ጌታ ለጎረቤቶቻቸው በጎሳቸው እጅ ሲሰጥ ጋዲሴ በዓይኗ አይታለች፤ ለባሏ ግን ምን ብላ ትንገረው?

ቱፋ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ላከ። አንዱ ወላይታ፣ አንዱ ቡርጂ፣ አንዱ ከናይሮቢ ተዛውረው የመጡ ኪኩዩ መምህር ነበሩ። ሻሮ ወተት አጠጧቸው፣ ስለ ዝናብ አጫወቷቸው፣ በመጨረሻ የልጁ ጎሳ የታለ ብለው ጠየቁ። መምህሩ ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ጎሳ ነን ብለው በስዋሂሊ መለሱ። ሻሮ በወግ ሸኟቸው። ማታ ለዶቃታ ቁርጡን ነገሯት፤ ከሶሎሎ የመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች ትምባሆአቸውን አስቀድመው አቅርበዋል፣ እሳቸው ለእነሱ የሚሰጡትን መልስ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊያቆዩላት ይችላሉ፣ ከዚያ በላይ ግን ሰው አያጉላሉም።

ጋዲሴ ማንንም ሳታማክር ኦዳ ወጣች። የጎሳው ትልቅ ሰው ጃልደሳ ናቸው፤ የቱፋ አባት ታናሽ ወንድም። ከበራቸው ላይ መሬት ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ልጄን አድኑልኝ አለቻቸው። ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ አላሏትም። እንዲህ አሏት።

«እሱ ወደኛ ይምጣ አልልም፤ እኛ እንመጣለን። ግቢው ውስጥ መርቀን ከዚያው ተነስተን ሻሮ ዘንድ እንሄዳለን። ከሱ የምንሻው ተቀምጦ እንዲቀበለን ብቻ ነው።»

ቱፋ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ጋዲሴን አቅፎ ጌታ የአባቴን ቤት መለሰልኝ አለ። ስለ ትምባሆው እንኳ አልተከራከረም፤ ግዢው፣ እኔ አላየሁም አላት። አንድ ነገር አስማለችው፤ ጃልደሳ መርቀው እስኪጨርሱ ቃል እንዳይናገር። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ አለ። ጋዲሴም አመነችው፤ ቱፋ ዋሽቶ አያውቅማ።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው ነጭ በነጭ ለብሰው መጡና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ስንት ዘመን ሙሉ አንድ የቦረና ሽማግሌ ያልረገጠው ግቢ ሞላ። ገለታ በወጉ መሠረት ከቤት ርቆ መንገድ ዳር፣ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ሻሮ ሲያልፉ ለማየት ይጠብቃል። ጋዲሴ የታጠነውን ጮጮ ወተት ሞልታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ጃልደሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ሥርዓት ታላቁ ሳይመርቅ ሌላ ሰው አፉን አይከፍትም።

ቱፋ ተነስቶ ቆመ።

ጋዲሴ ፊቱን አየች። ያንን ፊት ታውቀዋለች። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያሉ ሰዎች ፍለጋ በረሃ ሲያቋርጥ የኖረ ሰው ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያገኛቸው እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች። ዛሬ ዛፉም የእሱ፣ ሰዎቹም የአባቱ ወንድሞች ናቸው። በዓይኗ ለመነችው። አላያትም። «አባቶቼ» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ማን ይመልሰው?

ከአዳም ጀመረ። ስለ ኃጢአት፣ ስለ መስቀሉ፣ ስለሚመጣው ፍርድ ተናገረ። የዛፉ ጥላ ከሽማግሌዎቹ ላይ ሸሽቶ ፀሐይ ጭንቅላታቸው ላይ ወጣች፤ አንዳቸውም አልተነቃነቁም። በቦረና ሸንጎ የሚናገር ሰው አይቋረጥም፤ ነውር ነው። ዝም ማለትም እሺ ማለት አይደለም። ይህን ኦዳ ያለ ፍየል ጠባቂ ያውቀዋል፣ ከወለጋ የመጣችው ጋዲሴም ታውቀዋለች። በዚያ ሸንጎ ውስጥ ያደገው ቱፋ ግን መድረክ ላይ ቆሞ ሲኖር ረስቶታል። ዝምታቸውን እንደ ልብ መሰበር ቆጠረው፤ ዝም ባሉት ቁጥር እሱም ባሰበት። በስተመጨረሻ ከእኔ ጋር የሚጸልይ አለ ወይ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ጨረስክ?» አሉ ጃልደሳ።

«ጨርሻለሁ አባቴ።»

«ሰምተናል» አሉና በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ሌሎቹም ተነሱ።

ጋዲሴ ጮጮውን እንደያዘች በሩ ድረስ ተከተለቻቸው። ስለ ልጁ ብላችሁ፣ ልጁ ምን አጠፋ አለች። ጃልደሳ ቆሙላት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ያም ነው የባሰባት።

«ልጄ፣ እኛ ሻሮ ዘንድ ሄደን ‹ይህ ሰው የኛ ነው› ማለት ነበረብን። የኛ ሰው ቢሆን ምርቃታችንን ይጠብቅ ነበር። እንዴት ብለን እንዋሻለን? ወተቱን ለሕፃናት ስጪው።»

ስትመለስ ቱፋ ግቢው መሃል ቆሞ ላቡን ይጠርጋል፤ ፊቱ በርቷል። አየሽ ወይ፣ አንድም ሰው አላቋረጠኝም፣ እስከ መጨረሻው አደመጡኝ እኮ አላት። ጋዲሴ ሊመርቁ ነበር የመጡት አለችው። እሱ ግን እኔ መረቅኋቸው፣ ቃሉ ገብቷቸዋል፣ ይመለሳሉ አለ። ያኔ ጠላችው። ከዚያ በፊት ተቆጥታበት ታውቃለች፣ አዝናበትም ታውቃለች፤ መጥላት ግን የዚያን ቀን ሆነ። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

ገለታ ሽማግሌዎቹ ወደ ሻሮ ሳይሆን ወደየቤታቸው ሲበተኑ አይቶ መጣ። እናቱን አየ፣ የተሞላውን ጮጮ አየ። ከዚያ አባቱን ጠየቀው።

«አባዬ፣ ያን ሁሉ ስትናገር የእኔን ስም አንዴ ጠርተሃል?»

ቱፋ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። የአንድ ሰው ነፍስ ከሠርግ እንደሚበልጥ፣ ገለታም ይህን ሲረዳ አባቱን እንደሚያመሰግን ነገረው። ገለታ እስኪጨርስ ሰማው፤ አላቋረጠውም።

በወሩ መጨረሻ ዶቃታ ለሶሎሎዎቹ ተሰጠች። ገለታ ዕቃውን ሸጦ ኢሲዮሎ ወረደ፤ ለእናቱ ደርሻለሁ አላት፣ ስለ መመለስ አልተናገረም።

በቀጣዩ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ቱፋ ምስክርነት አለኝ ብሎ ማይክሮፎኑን ያዘ። የአባቱ ጎሳ ታላላቆች በገዛ እግራቸው ግቢው መጥተው ቃሉን እንደሰሙ፣ አንድም ተቃዋሚ እንዳልነበረ፣ ለዚህ ቀን ዕድሜ ልኩን ሲጸልይ እንደኖረ ተናገረ። ሕዝቡ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ። በዚያ ጉባኤ እልልታ የምትጀምረው የፓስተሩ ሚስት ናት፤ እሷ ሳትጀምር ሌላ ሴት አትደፍርም። ጋዲሴ ከንፈሯን ገጥማ ተቀመጠች። እንባዋ ግን አልታዘዛትም፤ በጉንጯ ወርዶ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበ።

ቱፋ ከመድረኩ አያት። ፈገግ አለና በዚያ በምትወደው ድምፁ ለጉባኤው እንዲህ አለ።

«ባለቤቴን እዩአት። ደስታው አስለቅሷታል።»

እልልታው ያን ጊዜ ቀለጠ።