ለሰው የተሰጠ ጡት

ላቀች ቅናተኛ ነበረች። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ጎረቤቷ ነበርሁና ቅናቷ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጠጣ አውቃለሁ።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣች ማግስት እናቷ ትርንጎ የአንድ ቀን መንገድ ተጉዛ ደብረ ታቦር፣ አንድ ባላባት ቤት ገባች። የባላባቱ ሚስት በወለደች በሳምንቷ ሞታ ጸዳለ የምትባል ልጅ ትታ ነበርና የምታጠባ ሴት ተፈለገች። ገባር ደግሞ እምቢ አይልም። ላቀች በአያቷ በእማማ የሺ እጅ፣ በላም ወተት አደገች። ጸዳለ ጡት ከጣለች በኋላም ሞግዚት ሆና እዚያው የቀረችው ትርንጎ በዓመት አንዴ፣ ለልደት ትመጣለች፤ መጥታም ወሬዋ «ጸዳለ ሹሩባ ተሠራች፣ ጸዳለ ዳዊት ደገመች» ነው። ላቀች ጓሮ ዞራ ጎመኑን በእርግጫ ትለዋለች።

ጋፋት መድፍ በሚሠራበት ዘመን፣ ወደዚያ ከሰል ለሚያመላልሰው ለሞላ ተዳረች፤ አረገዘችም። በኩር የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የላቀች እናት ግን የራሷ ቤት የላትም። ይባስ ብሎ ጸዳለም መውለጃዋ ደርሷል ተባለ።

«ለእሷ ነው የምትቀመጠው፤ ታያላችሁ!» እያለች ላቀች ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች። ሰው ላኪባት ስንላት «ሞቼ እገኛለሁ» አለች። እኔ ላክሁባት።

ትርንጎ ስትደርስ ላቀች በእማማ የሺ ቤት ሴት ልጅ ተገላግላለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ሕፃኗን አነሣችና እሹሩሩ ጀመረች። ድምፅዋ ሲያምር! የላቀች ፊት ግን ጠቆረ። በገዛ ልጇ የምትቀና አራስ ያን ቀን አየሁ።

«ይህን እሹሩሩ በማን ላይ ነው የለመዱት?» አለች።

«በጸዳለ» አለች ትርንጎ፤ መዋሸት አልሆነላትም።

«እንግዲያው ለጸዳለ ይውሰዱላት። ልጄን ይስጡኝ።»

ሰጠቻት። ላቀች ጡቷን ስታጎርሳት ትርንጎ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያት ጀመር።

«ቀናሁብሽ» አለች ትርንጎ። «ትቼሽ የሄድሁ ዕለት መንገድ ላይ ጡቴ ላንቺ አግቶ ቀሚሴን አራሰው። ስደርስ ለሌላ አጎረስሁት። አንቺ ግን የወለድሻትን ታጠቢያለሽ። አንጀቴ እያረረ ነው፣ ልጄ።»

ላቀች ቀና ብላ አየቻት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅናት የእሷ ብቻ መስሏት ኖሯል።

«ጸዳለስ?» አለች።

«ቶሎ ተመለሽ ብላኛለች።»

«ትጠብቅ» አለች ላቀች፣ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ እያዞረች። «እኔ ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ።»

ትርንጎ የመንገድ ኩታዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።