እትየ ዘውዴ የሸፈኑት ቴሌቪዥን

ትናንት ወረታ ጠጉሬን ልቆረጥ ገብቼ፣ አንገቴ ላይ ጨርቅ እንደታሰረ፣ ከመስተዋቱ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ሩቅ ምሥራቆች ሩዝ ሲተክሉ አሳየኝ። ቆራጩ "ጋሼ፣ ይረጉ እንጂ፣ ጆሮዎን ልቆርጠው ነው!" አለኝ። እንዴት ልርጋ?

የኤርትራ ጦርነት ያበቃ ሰሞን፣ እትየ ዘውዴ የሚባሉ ሴት እዚሁ የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ሻይ ቤት ነበራቸው። ግቢያቸው ውስጥ እንደ አውድማ የሰፋ ዲሽ አስተከሉ፤ የተከለው ሰው ምን እንደነካካው እንጃ፣ አጥርቶ የሚያሳየው አንድ የእስያ ጣቢያ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዲት ሻንጣ ያዘለች ወጣት ካገር አገር እየዞረች ትበላለች፣ ትዋኛለች፣ ትስቃለች፤ ሥራ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት። እኛ ከቁሐር ሚካኤል ለገበያ የወጣነው ጭቃ የጠጣ እግራችንን አግዳሚው ሥር ደብቀን እናያታለን። እኔ ያኔ አንድ ፊደል የማልለይ ጎረምሳ ነኝ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ አብሮ ይሄዳል። አባቴ ይህን ያውቃል። "ዘንድሮ ሩዙ ይያዝልኝ እንጂ ወረታ ቤት ተከራይቼ አስተምርሃለሁ" ብሎኛል።

ሰኔ ውስጥ፣ በአንዱ የገበያ ቀን፣ ባለሻንጣዋ ልጅ ሩዝ ገበሬዎች ዘንድ ወረደች። እኛ ሩዝ በትነን ነው የምንዘራው፤ እነሱ የበቀለውን እየነቀሉ በእቅፍ በእቅፍ ያስራሉ። አባቴ ብድግ አለ። "ነቅለው መልሰው ሊተክሉት ነው?"

"ሥራ ፈቶች ናቸው፣ አያ ደምሴ" አለ አንዱ፤ ቤቱ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

ወዲያው ልጅቱ የተጠበሰ ዳክዬ ፊት ቁጭ አለች። የሐዋርያት ጾም ነበር፤ እትየ ዘውዴ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣሉበት። "በጾም እኔ ቤት ሥጋ አይበላም!"

"በእመቤቴ፣ እትየ፣ ጫፉን ብቻ ይግለጡልኝ።"

"ለነፍስህ ነው፣ ደምሴ። ሻይህን ጠጣ።"

ነጠላው ሲነሣ ችግኙ ተተክሎ፣ ውኃ መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አባቴ ከዚያ ወዲያ፣ እንዲህ ከተተከለማ ሩዙ ይያዝልኛል ከማለት ሌላ ወሬ የለውም። ሐምሌ ላይ ደቦ ጠርቶ፣ ጎረቤቱ እያላገጠበት፣ የበቀለውን ሩዛችንን ነቅለን፣ ማሳችን ላይ በተኛው፣ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ችግኙን ሁሉ ሰካነው፤ እኔም ወገቤ እስኪቆረጥ ሰካሁ፣ ትምህርት ቤቴ ነበራ። በማግሥቱ ስንወጣ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል። አባቴ ውኃው ውስጥ ገብቶ እያፈሰ መልሶ ይተክላል፣ መልሶ ይንሳፈፋል። "ይበቃሃል፣ አባየ" አልኩት። አልሰማኝም።

መጀመሪያ ውኃውን አፍስሰው ስስ ጭቃ ላይ እንደሚተክሉ፣ ሥር ከያዘ በኋላ ውኃ እንደሚለቁበት ያወቅሁት ትናንት ነው፣ ጠጉር ቆራጭ ቤት። ከነጠላው ሥር ያለፈው ይኸው ነበር።

ያን ዓመት ከዘመድ እየተበደርን በላን። ስለ ትምህርት አባቴ ዳግመኛ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁ። አሁን እሱ የለም። እኔ ሀሁን የቆጠርኩት ሪዜን አሳድጌ፣ ሚስት አግብቼ፣ የጎልማሶች ትምህርት ላይ ጡት ከሚያጠቡ እናቶች ጋር ተቀምጬ ነው። ሰው "እንኳን ደስ ያለህ" ይለኛል። ምኑ ነው ደስታው? እኔ ፊደሉን የፈለግሁት ልሄድበት ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የሚያልፈው አውቶቡስ ግንባር ላይ የተጻፈውን አገር ሁሉ አነባለሁ፤ አንብቤ ወደ ማሳዬ እመለሳለሁ። እግሬ ግን መቅረቱን እስካሁን አላመነም።