ወፎቹ መሃል የቀረው ፊት

ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ወይስ ሃያ? የሙሽሪት ታላቅ እህት ይህን ታሪክ ባነሳች ቁጥር እዚህ ላይ ቆም ትላለች። ሰርጉ ቅዳሜ ስለነበረ ያ ቀን ሰኞ መሆኑ አያከራክርም። ቀኑን ግን ሙሽራው ሃያ ይላል፣ እናት አሥራ ስምንት ይላሉ፣ ከፎቶግራፎቹ ጀርባ የተጻፈው ደግሞ ከሁለቱም አይገጥም። በመጨረሻ ይሰለቻትና፣ "ይሁን፣ ሃያ ይሁንላችሁ" ትላለች። "ዳቦው ግን የትናንት ነበር። እሱን ማንም አያስተኝም።"

ነገሩ የጀመረው ከአክስት ቤት ነው። አክስት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ከሳሎናቸው ጀርባ ያሉትን ሁለት ባዶ ክፍሎች ለሙሽሮቹ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል፤ ሙሽሮቹም ሌላ መግቢያ አልነበራቸውም። አክስት ያስቀመጡት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ "ግድግዳዬን የነካ ክፍሌን አይረግጥም።"

የሳሎኑ ግድግዳ ወረቀት የለበሰ ነው። መደቡ ክሬም፣ በላዩ ላይ ቀጫጭን ቅርንጫፎች፣ በቅርንጫፎቹ ላይ ቀይ ምንቃር ያላቸው ትናንሽ ወፎች። የለጠፉት ሟች ባላቸው ናቸው፤ በገዛ እጃቸው፣ መሰላል ላይ ወጥተው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ምስማር አልተመታም፣ ወንበርም ግድግዳ አልተደገፈም። እንግዳ እንኳ ሲገባ ትከሻውን ሰብስቦ ነው።

ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው ተብሎ፣ ሙሽሪት የተኳኳለችው እዚያው ነበር። ሁሉም ነገር አልቆ ሚዜዎቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የአርቲፊሻሉ ሽፋሽፍት ማጣበቂያ ዓይኗ ውስጥ ገባ። "አቃጠለኝ!" ብላ ብድግ አለች። ዓይኗን ጨፍና ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሮጥ በሩን በአንድ ክንድ ሳተችና ከነሙሉ ፊቷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ስትላቀቅ ግማሽ ፊቷ እዚያው ቀረ፤ ግንባር፣ ሁለት ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ጥርት ያለ ቀይ ከንፈር።

"ከሙሽራው በፊት ግድግዳውን ሳመችው!" አለች አንዷ ሚዜ።

ሌላዋ ሚዜ፣ ደግ ናት፣ ልርዳ ብላ እርጥብ ፎጣ አነሳችና አፍንጫውን ወደ ታች ጠረገችው። አፍንጫው ረዘመ። ደግማ ጠረገችው፤ ባሰበት።

"በቃ ተዪው" አለች ታላቅ እህት፣ "ወለሉ ጋ ሊደርስ ነው።"

የልብስ መስቀያውን ጎትተው ከለሉትና ወደ ሰርጉ ሄዱ። ታላቅ እህት ስትጨፍር ዋለች፤ ግን በዞረች ቁጥር ያ ረጅም አፍንጫ ከሰዉ መሃል ይታያት ነበር። አክስት ከሰርጉ በቀጥታ ልጃቸው ቤት ሄደዋል፤ ሰኞ ቀትር ላይ ይመለሳሉ። ቁልፉን የሚሰጡት ግድግዳውን ካዩ በኋላ ነው።

እሑድ ታላቅ እህት መላ የሚያውቅ ሰው ስታፈላልግ ዋለችና ሰኞ ጠዋት ላጲስን ይዛ መጣች።

ላጲስ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሠላሳ ዓመት ቲያትር ቤት ውስጥ ተዋንያን ሲኳኩሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ቲያትር ቤቱ ሲዘጋ፣ "ስቀባ ኖርኩ፤ የቀረኝን ዕድሜ ደግሞ እያጠፋሁ ልጨርሰው" አሉና ከትራስም፣ ከአንገትጌም፣ ከግድግዳም የሜካፕ ዕድፍ ማስለቀቅ ያዙ። ሰፈርተኛው ላጲስ አላቸው። እሳቸውም አልከፋቸውም።

ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ግድግዳው ፊት ቆሙ።

"እንደምን አደርሽ ሙሽራ" አሉት ዕድፉን። ጠጋ ብለው አዩ። "አፍንጫዋን የጎተታት ማነው?"

"ሚዜዋ ናት። በውሃ።"

"ጠላት ከሩቅ አይመጣም! ልጄ፣ ይኼ ተራ ወረቀት ነው፤ ፕላስቲክ የለበትም። ውሃ ሲያገኝ ልክ እንደ ሰካራም ነው፤ የራሱን ምስጢር ሳይቀር ይለቃል። በይ አሁን ማንም የማያየው ቦታ አሳዪኝ። ሳልሞክር ፊት ለፊት አልነካም።"

ቁምሳጥኑን ሁለቱ ገፍተው አንድ ክንድ ያህል አራቁት። ታላቅ እህት ከኋላው ያለውን ስታይ ሳቋን መያዝ አቃታት። አንደኛው የወረቀት ቁራጭ ተገልብጦ ተለጥፏል፤ ወፎቹ በሙሉ እንደ ሌሊት ወፍ ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተሰቅለዋል።

"ጉድ! አጎቴ ገልብጠው ለጥፈውት ቁምሳጥን ጋርደውበት ነው ለካ!"

ላጲስ አልሳቁም። ከቦርሳቸው እርሳስ አውጥተው ጎንበስ ብለው ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከአንዲት የተዘቀዘቀች ወፍ አጠገብ፣ ደብዛዛ፣ ጥፍር የምታክል የእርሳስ ክብ አለች።

"ምንድን ነው እትዬ?"

"ምልክት ነው። የሞከርኩበትን ቦታ እከበዋለሁ፤ ሁለተኛ እንዳልነካው። ወረቀት አንዴ ይታገሳል፣ ሁለተኛ ግን ይቀየማል።"

"የእርስዎ ነው? እዚህ ቤት መጥተው ያውቃሉ?"

"ዳቦውን አቀብዪኝ።"

ዳቦው ነጭ ነው፣ የትናንት። ትኩስ ከሆነ ይጣበቃል፤ ብዙ ከቆየ ይቧጥጣል። ላጲስ ከክቧ ጎን ባለ ንጹሕ ቦታ ሞክረው እሱንም ከበቡት። ከዚያ የዳቦውን ለስላሳ ውስጥ ቆርሰው በመዳፋቸው አድቦለቦሉና ጉንጩ ላይ ጫን አድርገው አነሱት። ማሸት የለም። መጫን፣ ማንሳት፣ አገላብጦ በንጹሑ በኩል እንደገና መጫን። ድቡልቡሏ ቀስ በቀስ የሙሽሪትን መልክ ያዘች።

"ከዳር ወደ መሃል" አሉ። "ከመሃል ከጀመርሽ ዕድፉን አገር ታስጎበኚዋለሽ።"

ዱቄቱና ቀለሙ በዳቦው ሄደ፤ ቅባቱ ቀረ። በቅባቱ ላይ የሕፃን ፓውደር በጥጥ መታ መታ አድርገው አለበሱትና ቅባቱን እስኪመጥላቸው መሬት ቁጭ አሉ።

"ቲያትር ቤት" አሉ፣ "ንጉሥ ሆኖ የሚሠራ አንድ ጎምላላ ነበረን። ተራው እስኪደርስ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል፤ ስንቀሰቅሰው ጺሙ ግድግዳ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን በግማሽ ጺም ዘውድ ጫነ። ተመልካቹ አዲስ ፋሽን መስሎት አጨበጨበ። ዳቦን ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ምሳዬ ነበር።"

ታላቅ እህት ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሰዓቷ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ፓውደሩን በጺም መላጫ ብሩሽ አራገፉት። ግንባር የለም፣ ጉንጭ የለም፣ ያ መከረኛ አፍንጫም የለም። የቀረው ከንፈር ብቻ ነው፤ ሊፕስቲክ እልኸኛ ነው። ላጲስ ሳሙና በጥቂት ውሃ መትተው ውሃውን ተዉት፤ ጥጡን አረፋው ላይ ብቻ አስነኩ። አንዴ በአረፋ፣ አንዴ በደረቅ ጥጥ። ከንፈሩ እየደበዘዘ፣ እየጠበበ ሄዶ ጠፋ።

"ያኔ እዚህ የነበረው ፊት ግን ይስቅ ነበር" አሉ ላጲስ፣ ለራሳቸው።

"የትኛው ፊት?"

ሊመልሱላት አፋቸውን ከፍተው ነበር። የግቢው በር ተንቋቋ። አክስት ናቸው፤ ከቀትር ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድመው። ላጲስ ብሩሻቸውን ሊያነሱ ቁምሳጥኑ ኋላ ገቡ፤ ታላቅ እህት ባለችበት ደርቃ ቀረች።

አክስት ገቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጉንጫቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው፣ የተማሪ ሰልፍ መቃናቱን እንደሚያዩ ሁሉ፣ በወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን ከዳር እስከ ዳር ሰደዱ። ከዚያ ወለሉን አዩ።

"ይኼ ፍርፋሪ ምንድን ነው?"

"ቁርስ... ቁርስ በልቼ ነው አክስቴ።"

"ቆመሽ? ግድግዳ ሥር?"

"ቸኩዬ ነው።"

"ቡኒ ዳቦ ነው የበላሽው?" ከወለሉ አንዷን ድቡልቡል አንስተው በብርሃን አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን ከንፈሩ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ሳይነኩ፣ አቆሙ። "እርጥብ ነው።"

ታላቅ እህት የእህቷ ሻንጣ ከነባሏ መንገድ ላይ ቆሞ ታያት።

በዚህ መሃል ላጲስ ብሩሻቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አክስት መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንቺ! ገና በሕይወት አለሽ?"

"እርስዎን እንዳልቀድም ብዬ ነው።"

"ዳቦው የትናንት ነው?"

"የትናንት ነው።"

አክስት ወደ ቁምሳጥኑ፣ ከዚያ ወደ ታላቅ እህት ዞሩ። "ምን ቆመሻል? ለእንግዳ ሻይ አይፈላም?"

ኩሽና ውስጥ ውሃው ሊፈላ ሲያፏጭ አንድ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ሬዲዮ መሰላት። የአክስት ሳቅ ነበር። ፊታቸውን ኩል እንኳ ነክቶት አይቶ የሚያውቅ ሰው በቤተሰቡ የለም፤ ሳቃቸውንም እንደዚያው።

ሦስት ስኒ ይዛ ስትመለስ ላጲስ የሉም። ወለሉ ተጠርጓል፣ ቁምሳጥኑ ቦታው ተመልሷል። አክስት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ቁልፉ አለ።

"ለእህትሽ ስጫት" አሉ። "ግድግዳዬን እንዳትነካ በያት።" ትንሽ አሰብ አደረጉ። "ከነካችም ማጽዳቱ በውሃ እንዳይሆን።"

ታላቅ እህት ቁልፉን ብድግ አድርጋ፣ ስኒዋን እንደያዘች ወደ መንገዱ ሮጠች። አክስትን መጠየቅማ የማይታሰብ ነው። ላጲስ ጥግ ላይ ካለው ፌርማታ አውቶቡስ እየተሳፈሩ ነበር።

"እትዬ! ያ ፊት የማን..."

በሩ ተዘጋ። ላጲስ በመስኮቱ በኩል ስኒውን አዩና፣ ሻዩን ጠጪልኝ እንደማለት፣ በእጃቸው ምልክት ሰጧት። አውቶቡሱ ታጠፈ። ሻዩ ግማሹ ክንዷ ላይ ፈስሷል።